ቀስቷና የፖም ዛፉ

ሐቢባ ግድግዳ ማንኳኳት ትወዳለች። ስቶክሆልም ዳር ሄሰልቢ ያለውን ቤት ከገዙ ጀምሮ፣ ወጥ እስኪበስል ስትጠብቅም ሆነ ልብስ ስታጥፍ እጇ ሥራ አይፈታም። በጣቷ አንጓ ግድግዳውን ኳ ኳ ታደርግና ጆሮዋን ጠጋ ታደርጋለች። እዚህ ጋ ድፍን ነው። እዚያ ጋ ደግሞ ውስጡ ባዶ ይመስላል። ባሏ አብዱልሀኪም፣ «ኋላ ከውስጥ አቤት የሚልሽ እንዳይመጣ!» እያለ ይስቅባታል።

ቤቱ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1954 የተሠራ ነው። ፎቅ የለውም፤ ቁመቱ አጭር፣ ርዝመቱ ግን ሄዶ ሄዶ የማያልቅ። አብዱልሀኪም የከተማ አውቶቡስ ነጂ ስለሆነ ነው መሰል፣ ቤቱንም «አውቶቡሱ» ነበር የሚለው። ውስጡን ከዳር እስከ ዳር አንድ ጠባብ ኮሪደር ሰንጥቆት ያልፋል። ሰባት በሮች ወደዚያ ኮሪደር ይከፈታሉ፤ መስኮት ግን አንድም የለውም፤ በቀትር እንኳ መብራት ይፈልጋል። መጸዳጃ ቤቱ ከሁሉም መጨረሻ፣ ከማሞቂያው ክፍል ጀርባ፣ አንድ ደረጃ ተወርዶ ይገኛል።

«ይህን ቤት የነደፈው ሰው ራሱ ሽንት አይመጣበትም ነበር እንዴ?» ትላለች ሐቢባ። ስታማርር አይደለም፤ የእውነት ማወቅ ስለምትፈልግ ነው። ሰውየው ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እርሳሱን ነክሶ፣ ምን ሲያስብ እንደነበር ትጠይቃለች። መልስ የሚሰጣት ባይኖርም መጠየቋን አትተውም።

ያቺ አንድ ደረጃ ናት መዘዙን ያመጣችው። በመጋቢት ወር የአብዱልሀኪም እናት እማማ ሐዋ ለንጋቱ የሱብሒ ሶላት ውዱ ሊያደርጉ፣ እጅ እግራቸውን ሊታጠቡ ሲወርዱ እግራቸው ከዳቸውና ዳሌያቸው ተሰበረ። ሶልና ሆስፒታል ተኝተው አጥንታቸው በብረት ተገጠመ። ከዚያም መራመድ ወደሚለማመዱበት ክፍል ተዛወሩ። አሁን የሚንቀሳቀሱት ሩላቶር በሚሏት ባለ አራት ጎማ መደገፊያ ነው። ሩላቶሯ ደግሞ በዚያ ኮሪደር ቀጥታ ትገባለች እንጂ አትዞርም።

ከኮሙን፣ ከከተማው አስተዳደር፣ የመጣችው ባለሙያ ጉኒላ ሜትሯን ዘርግታ ይህንኑ ለካችና ቁርጡን ነገረቻቸው። መስከረም አሥራ ሁለት ቀን፣ አዛውንቷን ይዛ ተመልሳ ትመጣለች። በዚያን ቀን እማማ ሐዋ ከአልጋቸው ተነሥተው፣ ማንም ሳይነካቸው፣ ለብቻቸው መጸዳጃ ቤት ደርሰው መመለስ ከቻሉ ቤታቸው ይገባሉ። ካልቻሉ በከተማው ማዶ ባለ የአረጋውያን መኖሪያ ክፍል ተይዞላቸዋል። እዚያ ረዳት አለ፤ አማርኛ የሚሰማ ግን የለም።

እማማ ሐዋ ይህን ሲሰሙ የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «ከሰባ ዓመቴ በኋላ ውዱዬን ሰው አያደርግልኝም!»

ስለዚህ ቤቱን ከኋላ በኩል ወደ አትክልቱ ስፍራ ለማስረዘም ወሰኑ። ኮሪደሩ ይቀጥልና ጫፉ ላይ አንድ መኝታ ቤትና አንድ መታጠቢያ ቤት ይኖሩታል። አንድ ጡረታ የወጣ ስዊድናዊ ንድፉን ሣለላቸው፤ ፈቃዱ ወጣ። ሥራውን የያዘው ቶሎሳ የሚባል የወለጋ ሰው ነው። እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ይዘምራል፤ ሌላውን ቀን መዶሻ በእጁ ይዞም ያንኑ መዝሙር አያቋርጥም። በነሐሴ አጋማሽ የሲሚንቶው ወለል ደርቆ፣ የውጭ ግድግዳው ቆሞ፣ ጣሪያው ተከድኖ ነበር። የቀረው የውስጥ ክፍፍሉ ነው። ወለሉ ላይ፣ ከአሮጌው ቤት ግድግዳ ሥር፣ የመጸዳጃው ቧንቧ በፌስታል ተሸፍኖ ብቅ ብሏል።

አንድ እሑድ ከሰዓት በፊት ሐቢባ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆማ አንድ ነገር ከነከናት። እማማ ሐዋ ከሱብሒ በኋላ ፀሐይ መሞቅ ይወዳሉ። የጠዋት ፀሐይ በየትኛው መስኮት ይሆን የምትገባው? አልጋውስ የት ቢደረግ ፊታቸውን ታገኛቸዋለች?

ልጇን ፈሂማን ጠራቻት። ፈሂማ አሥር ዓመቷ ነው፤ በትምህርት ቤት ካርታና ኮምፓስ ይዘው ጫካ ውስጥ መሮጥ ተምረዋል።

«ኮምፓስሽን አምጪልኝ እስቲ።»

ፈሂማ በስዊድንኛ፣ «ጫካ ልትሄጂ ነው?» አለቻት።

«የአያትሽን ፀሐይ ልፈልግ ነው።»

ልጅቷ ትከሻዋን ነቅነቅ አድርጋ አመጣችላት። ንድፉን ወለል ላይ ዘረጉት። ወረቀቱ ላይ፣ ወደ ቀኝ ጋደል ያለች ትንሽ ቀስት አለች፤ ጫፏ ላይ ሰሜን የሚል ምልክት ተጽፎባታል። ፈሂማ ኮምፓሱን ቀስቷ ላይ አስቀመጠችና መርፌው ከቀስቷ ጋር እስኪገጥም ወረቀቱን አዞረችው። «አሁን ወረቀቱና ቤቱ አንድ ናቸው» አለች፤ ወዲያው ወደ ቴሌቪዥኗ ተመለሰች።

ሐቢባ ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች ቤቷን አነበበችው። ይኼ በሩ ነው፤ ይኼ የመኝታ ቤቱ መስኮት። እሰይ፣ ፀሐይዋ ትገባለች! ይኼ ደግሞ መታጠቢያ ቤቱ፤ ውስጡ ያለችው እንቁላል የምትመስል ነገር መጸዳጃው ናት። እንቁላሏ ጀርባዋን ለአሮጌው ግድግዳ ሰጥታ ወደ አትክልቱ ታያለች። ሐቢባ ጣቷን ከእንቁላሏ ፊት አንሥታ፣ በወረቀቱ ላይ አሻግራ፣ በመስኮቱ አውጥታ ውጭ ወዳለው ነገር ወሰደችው።

ጣቷ የፖም ዛፉ ላይ አረፈ።

ሐቢባ ለአፍታ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ደረቀ። ከወጥ ቤት ወንበር አመጣችና ቧንቧው አጠገብ፣ ጀርባውን ለግድግዳው አድርጋ አስቀመጠችው። ተቀመጠችበት። ቀና ስትል ያው የፖም ዛፍ፣ በመስኮቱ መሐል ቁጭ ብሏል።

ያ ዛፍ ለዚህ ቤት ተራ ዛፍ አይደለም። ቤቱን የገዙ ዕለት የመስጊዱ ኢማም መጥተው፣ ሳሎን ውስጥ ቆመው፣ እጃቸውን ወደ ዛፉ ዘርግተው፣ «ቂብላችሁ ይኸውላችሁ፤ ዛፉን አትልቀቁ» ብለዋቸው ሄደዋል። አምስት ዓመት ሙሉ የቤቱ ሰው ሁሉ ወደ መካ ብሎ የሚሰግደው ወደ ፖም ዛፉ ነው። ሙስሊም ደግሞ ሲጸዳዳ ፊቱንም ሆነ ጀርባውን ወደ ቂብላ አያደርግም። እማማ ሐዋማ ለዚህ ነገር ቀልድ አያውቁም።

አብዱልሀኪም ከሥራ ሲመለስ ሚስቱን ባዶ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኛት።

«ምነው? ማንን ትጠብቂያለሽ?»

«ና እዚህ ተቀመጥ።»

«ለምን?»

«ተቀመጥ ብዬሃለሁ፤ አትጠይቀኝ።»

ተቀመጠ።

«ምን ይታይሃል?»

«ሣር። አጥር። ዛፉ።» ቆም አለ። «ዛፉ።»

«የተቀመጥከው መጸዳጃው ላይ ነው።»

አብዱልሀኪም እንደ ተቃጠለ ሰው ከወንበሩ ተነሣ። «አይሆንም! እኔ እኮ ነኝ ያዞርኩት! ሰውየው መጀመሪያ የሣለው ጎኑን ለአትክልቱ ሰጥቶ ወደ ቀስቷ በኩል ያይ ነበር። ቂብላ በሰሜን ነው፣ አይሆንም ብዬ አዙር አልኩት!»

«ቂብላ በሰሜን ነው ያለህ ማነው?»

«ማነው ትያለሽ? ቁርአን ያስቀሩኝ ሼህ ናቸዋ! ወሎ፣ ሐይቅ ዳር ያለው መስጊድ ወደ ሰሜን አይደለም እንዴ የሚያየው? ከልጅነቴ ጀምሮ ቂብላ በሰሜን...» ቃሉን አልጨረሰውም።

ሐቢባ ወደ ዛፉ ዞረች። አስተሳሰቡ ራሱ ገርሟት ነበር። ወሎ ላይ ቆመው ሲያዩት መካ በሰሜን ነው። ስቶክሆልም ላይ ሲቆሙ ግን መካ ወደ ኋላ፣ በደቡብና በምሥራቅ መካከል ይቀራል። አብዱልሀኪም ይህን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም፤ ሳሎን ሲቆም እግሩ በራሱ ወደ ዛፉ ይዞራል። ወረቀት ላይ ሰሜን የሚል ሲያይ ግን የሐይቅ ልጅ ሆነ።

«ጭራሽ ደህና የነበረውን ነዋ ያበላሸሁት» አለ አብዱልሀኪም፤ ድምፁ ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «እማዬ እኮ ሰሜንን አታውቅም» አለ።

«የፖም ዛፉን ግን ያውቁታል።»

ወለሉ ላይ ቁጭ አለ።

ሰኞ ጠዋት ቶሎሳ ሲመጣ የነገረችው ሐቢባ ናት። መጀመሪያ ነገሩ አልገባውም፤ ሲገባው መዶሻውን አስቀመጠ።

«አብዱልሀኪም፣ እውነቱን ንገረኝ። አንተን የሚያህል ሹፌር ነው አቅጣጫ የጠፋው? ያንን ሁሉ ሰው ይዘህ ጠዋት ጠዋት ወዴት ነው የምትነዳው?»

«አውቶቡሱ መንገዱን ያውቀዋል» አለ አብዱልሀኪም፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«እንግዲህ አውቶቡሱ መጥቶ ይሥራልን!»

«ቶሎሳ፣ ቀልዱን ተወው» አለች ሐቢባ፤ ራሷም ግን ሳቋን ዋጥ እያደረገች ነበር። «ወለሉ ቢሰበርስ?»

ቶሎሳ ፊቱ ተለወጠ። ወለሉ ውስጥ የማሞቂያ ሽቦ እንዳለ፣ ከተሰበረ ቧንቧው ተነቅሎ እንደገና ሲሚንቶ እንደሚፈስስ፣ ያ እስኪደርቅ ደግሞ ወር እንደሚያልፍ አስረዳቸው። «መስከረም አሥራ ሁለትን እርሷት።»

«ብናዞረውስ? ቧንቧው ባለበት ይሁን፤ መቀመጫው ብቻ ጎኑን ለዛፉ ይስጥ።»

«ቧንቧው ከግድግዳው አንድ ስንዝር ብቻ ነው ያለው። እዚያው ላይ ካዞርኩት እናትየው ክርናቸውን የት ያደርጉታል? ጉልበታቸውስ? እዚህ ጋ እኮ ግድግዳ ይቆማል።»

ሐቢባ ወለሉን አየች። «የታል ግድግዳው?»

«ይቆማል አልኩሽ እኮ፣ እህቴ።»

«አልቆመማ!»

በማግስቱ ሐቢባ ከሥራ ስትመለስ አንድ ሩላቶር እየገፋች መጣች። የምትሠራው አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞረች በመርዳት ስለሆነ፣ መጋዘን ውስጥ ተጥላ የነበረችውን አስፈቅዳ ተዋሰቻት። ከፈሂማ ጠመኔ ወሰደች። ንድፉ ላይ ያሉትን ክፍሎች በሙሉ ልካቸውን ጠብቃ ወለሉ ላይ ሣለቻቸው። ይኼ አልጋው፣ ይኼ በሩ፣ ይኼ ኮሪደሩ። ከዚያም እማማ ሐዋን ሆነች። አልጋው ላይ ትተኛለች፤ ግራ እግሯን እየጎተተች ትነሣለች፤ ሩላቶሯን ይዛ በጠመኔው በር ወጥታ በጠመኔው ኮሪደር ትዞራለች። ጎማው መስመሩን ረገጠ። «ግድግዳ ገጨሁ» ትልና ተመልሳ ትተኛለች። በመስኮት ያያት ጎረቤት እጁን ሊያነሣ ብሎ ተወው።

እየተኛች፣ እየተነሣች፣ ጠመኔውን በእርጥብ ጨርቅ እያጠፋች ሦስት ቀን ሰነበተች። አሁን ያ እርሳሱን የነከሰው ሰውዬ ትንሽ ገባት። አንዱን ግድግዳ ሲገፉት ሌላው ይጠብባል። ለመታጠቢያው ስትጨምር አልጋው አላስተኛ ይላል፤ ለአልጋው ስትጨምር የመጸዳጃው ወንበር ጉልበቷን ያስመታታል። ሐሙስ ዕለት ሩላቶሯን ገትራ ቆመችና ከልቧ ጠየቀች። እኚህ ሴት ከአልጋቸው ወርደው ወደ ኮሪደር የሚወጡት ለምንድን ነው? ኮሪደሩ ምን አላቸው?

የኮሪደሩን መስመር በጨርቁ አጠፋችው።

ቶሎሳ ሲመጣ ጫማው ጠመኔውን እንዳይረግጥ በጣቶቹ እየተራመደ ገባና ዞሮ ዞሮ አየው። የመታጠቢያው በር ከኮሪደሩ ተነሥቶ ከአልጋው ራስጌ አጠገብ ተሥሏል። ለመታጠቢያው በር ሲባል ይረዝም የነበረው ኮሪደር ስለማያስፈልግ ለመኝታ ቤቱ ተሰጥቷል። መኝታ ቤቱ ከዚያ ያገኘውን፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ በሌላ በኩል ለመታጠቢያው ለቋል። ወንበሩ ከአሮጌው ግድግዳ ራቅ ብሎ ጎኑን ለዛፉ ሰጥቷል።

«በአልጋና በመጸዳጃ መሐል አንድ በር ብቻ» አለ ቶሎሳ ለራሱ። ቁጭ ብሎ ከወንበሩ እስከ ቧንቧው በስንዝር ለካ። «መውጫው ከኋላው የሆነ መቀመጫ አለ። ከዚያ በግድግዳው ሥር አንድ ሜትር የማትሞላ ቧንቧ ዘቅዘቅ አድርጌ ወደ ወለሉ አገባታለሁ። የምትታየውን ቧንቧ ግን በጣውላ አጥሬ ሸክላ አለብሳታለሁ፤ እንደ መደብ ትሆናለች። አስቀያሚ ናት ካላላችሁ።»

«መደቧ ምን ያህል ከፍ ትላለች?»

ቶሎሳ እጁን ከጉልበቱ ትንሽ ከፍ አደረገ።

ሐቢባ ፊቷ በራ። «የእማማ ኩስኩስት ማስቀመጫ! ሳያጎነብሱ ያነሡታል።»

«ፈቃዱስ? ኮሙን ቢቆጣ?» አለ አብዱልሀኪም ከበሩ ላይ። ከሰኞ ወዲህ ድምፁን ያሰማው ያኔ ነው።

«የውጭ ግድግዳውን አልነካንም። ልኩን ግን ያቺ ሴትዮ ትፈትሻለች» አለ ቶሎሳ። «ደግሞ አንተ አቅጣጫ እንዳትናገር፣ አደራህን። ይልቅ ያንን ጣውላ ወዲህ በል።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ቀናት በመጋዝ ድምፅና በመዝሙር አለቁ። አብዱልሀኪም ፈረቃውን እየለወጠ ሸክላ ተሸከመ፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፤ ቀለም ቀባ። የመኝታ ቤቱ በር የተሰቀለ ቀን ሐቢባ ከመንገድ በኩል በዋናው በር ገባችና ክው ብላ ቀረች። ኮሪደሩ በርቷል። መብራቱን ልታጠፋ እጇን ወደ ማብሪያው ሰደደች፤ ጠፍቷል። የአትክልቱ ብርሃን በአዲሱ መስኮት ገብቶ፣ በተከፈተው በር አልፎ፣ አውቶቡሱን ከዳር እስከ ዳር ሞልቶታል። አንድም ሰው ይህን አልነደፈም። ሐቢባ ዘንቢሏን እንደያዘች ቆማ ብርሃኑ የት ድረስ እንደሚደርስ በእርምጃ ለካችው።

መስከረም አሥራ ሁለት ዓርብ ነበር። እማማ ሐዋ ከጉኒላ ጋር በታክሲ መጡ። ነጠላቸውን ጠበቅ አድርገው፣ ከሩላቶራቸው ላይ አንድ ፌስታል አንጠልጥለዋል። አብዱልሀኪም ሊደግፋቸው ሲሮጥ በዓይናቸው መለሱት።

«ተወኝ! ዛሬ ማንም እንዳይነካኝ ተብዬ ነው የመጣሁት።»

በኮሪደሩ ገቡ። መሐሉ ላይ ቆም አሉ። «ይህ ቤት መስኮት አወጣ እንዴ?» አሉና ቀጠሉ። መኝታ ቤት ደርሰው አልጋው ላይ ጋደም አሉ። ጉኒላ ሰዓቷንና ቅጿን ያዘች። «እንግዲህ ከዚህ ይጀምራሉ» አለች፤ ሐቢባ ተረጎመችላቸው።

እማማ ሐዋ ተነሡ። ሩላቶሯን ያዙ፣ በሩን ገፉ፣ ገቡ። በሩ ተዘጋ።

ውጭ የቀሩት አራቱ ናቸው፤ ሐቢባ፣ አብዱልሀኪም፣ ጉኒላ፣ እንዲሁም መፍቻ ረሳሁ ብሎ የመጣው ቶሎሳ። አንድ ነገር ተንቋቋ። ከዚያ ዝም። ጉኒላ ሰዓቷን አየች። አብዱልሀኪም ከንፈሩን ያንቀሳቅሳል።

ኳ ኳ።

ሐቢባ ዘልላ የበሩን እጀታ ያዘች። «እማማ! ወደቁ?»

«ምን አስወደቀኝ?» አሉ ከውስጥ። ኳ ኳ። «ይህቺ መደብ ውስጧ ባዶ ነው። ምን ቀብራችሁባታል?»

«ቧንቧ ነው፣ እማማ።»

«ቧንቧ።» አንድ ነገር ሲቀመጥ ተሰማ። «ጥሩ ቦታ ነው። ኩስኩስቴ ልክ ገባባት።»

ውኃ ሲንቆረቆር ተሰማ። አብዱልሀኪም ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ።

በሩ ሲከፈት እማማ ሐዋ ፊታቸውና ክንዳቸው ርሷል። ጉኒላ አልፋ ገባችና ሜትሯን ዘርግታ ዙሪያውን ለካች፤ ሩላቶሯን አንድ ጊዜ ሙሉ አዞረች፤ ግድግዳ አልነካችም። ንድፉን አወጣችና መቀመጫውንም ወረቀቱንም ተመለከተች። «ይህ እንደ ንድፉ አይደለም። ለምን ዞረ?» አለች።

ሐቢባ አፏን ልትከፍት ስትል አብዱልሀኪም ቀደማት። ጆሮው ቀልቶ በስዊድንኛ ሁሉንም ነገራት፤ ዛፉን፣ ሰሜንን፣ ሐይቅ ዳር ያለውን መስጊድ፣ የራሱን ስሕተት ሳይደብቅ። ጉኒላ አልሳቀችም። ወደ መስኮቱ ሄደች፤ ዛፉን አየች፤ ዞራ መቀመጫውን አየች። «ታዲያ በሩን ከአልጋው አጠገብ ያደረገው እሱ ነው?»

«እሷ ናት» አለ ቶሎሳ፣ ሐቢባን በመፍቻው እያመለከተ። «ሦስት ቀን ወለል ላይ ስትተኛ ነበር።»

ጉኒላ መደቧ ላይ ያለውን ኩስኩስት አንሥታ አገላበጠችው። «ሆስፒታል ነርሶቹ አበባ ያጠጡበት ነበር፤ ምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀም» አለች። ከዚያ የመደቧን ቁመት ለካችና ቁጥሩን ከቅጹ ጀርባ ላይ ለራሷ ጻፈችው። ቅጹን ገልብጣ ፈረመች።

አብዱልሀኪም ወደ እናቱ ጎንበስ አለ። «እማዬ፣ እኔ እኮ መጀመሪያ አበላሽቼው...»

«ስትለፈልፍ ሰማሁህ፤ ቋንቋው ባይገባኝም ፊትህ ነገረኝ» አሉት። «አብሽር። ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ዛፉ በቀኝ ትከሻዬ ነው።» ሩላቶራቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «አሁን ውጡልኝ፣ የዙህር ሶላት ደርሷል። ሐቢባ፣ አንቺ ቆዪ።»

ሌሎቹ ወጡ። እማማ ሐዋ በሩ እስኪዘጋ ጠበቁና ወደ አልጋው ራስጌ ግድግዳ ጠጋ ብለው በጣታቸው አንጓ መቱት። ኳ ኳ።

«ይኼስ?» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚህ ጀርባ ምን አለ?»